ምንጩ ሲቀዳ

የውሃ መሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባ ወላጆቹ ያወጡለት ደህና ስም አለው። በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር በዚያ ስም ብትጠሩት ግን ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሁሉም የሚጠራው «ምንጩ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣችለት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት። አንድ ቀን ስልኳን ስትጎረጉር እሱ ከሚለጥፋቸው ሥዕሎች ሁሉ ሥር «ምንጭ፦ ከድረ ገጽ» የምትል ጽሑፍ አየችና፣ «መሥሪያ ቤታችን ከመዘገባቸው ምንጮች በበጋ የማይደርቀው ይኸኛው ብቻ ነው» አለች። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሙገሳ መስሎታል።

ሙገሳ የሚመስለው ነገር ብዙ ነው። ሥራው ያመጣበት ሳይሆን አይቀርም። ቀን ቀን የሚጽፈው «በሚከተሉት ሰፈሮች ውሃ ስለሚቋረጥ ደንበኞቻችን ከወዲሁ እንድትዘጋጁ» የሚል ማስታወቂያ ነው፤ በዚህ ደግሞ ማንም ሰው «እጅህ ይባረክ» ብሎት አያውቅም። ስለዚህ ምስጋና የሚለምንበት ሌላ ደጅ ከፈተ፤ «የልብ ጠብታ» የሚባል ገጽ።

ጠዋት ሻዩን ይዞ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጥና፣ የሰው ማሳ ውስጥ እንደ ገባ ፍየል በመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ሲግጥ ያረፍዳል። የጎህ መቅደድ ያገኛል፤ ይወስዳል። ዝናብ የመታው መስኮት ያገኛል፤ ይወስዳል። የሽማግሌ እጅ፣ የሕፃን እንባ፣ ጭጋግ የዋጠው ድልድይ። ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ገጹ ግን በማዕበል ይናወጣል። የፎቶው ባለቤት ስሙን ጥግ ላይ ጽፎ እንደሆነ ጥጉን ይቆርጠዋል። ብልጥ ሆኖ መሀል ላይ ጽፎት እንደሆነ ደግሞ ግጥም ይጭንበታል። እናም የምንጩ ግጥም የሚረዝመው ሐዘኑ ሲበረታ ሳይሆን የሰውየው ስም ሲረዝም ነው። ስሙን እስከ አያቱ የሚጽፍ ፎቶ አንሺ የገጠመው ዕለት ስንኙ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ተከታዮቹም «ዛሬስ ልብህ ሞልቶ ነበር» ይሉታል። ከዚያ በግርጌው «ምንጭ፦ ከድረ ገጽ» ብሎ ይጽፍና፣ እጁን እንደ ታጠበ ሰው ተዝናንቶ ይነሳል።

«ድረ ገጽ የሚባል ሰው አለ እንዴ?» አለችው አንድ ቀን መዝገብ ቤቷ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ካሜራ ይዞ፣ ብርድ ላይ ቆሞ፣ ጎህ እስኪቀድ ጠብቆ ይህን ያነሳ ሰው። ስሙ ድረ ገጽ ነው ወይ?»

«አየሽ፣ አልገባሽም። ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ነገር መንገድ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው። ያገኘ ይቀዳዋል።»

«መንገድ ላይ የፈሰሰ ውሃ እንኳ የመሥሪያ ቤታችን ነው፤ አንተስ ይህን አታጣውም።»

«እኔ የማደርገው ማጋራት ነው። ማጋራት ደግሞ ደግነት ነው።»

«ያንተ ያልሆነውን ማጋራትማ ምን ያቅታል። እኔም የጎረቤቴን ቤት ላጋራህ እችላለሁ» አለችና ፋይሎቿን አቅፋ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ደግሞ ምንጭ ይቀዱታል እንጂ አይቀዳም» አለችው።

ነገሩ አልገባውም። በቋንቋችን መቅዳት ለውሃም ለሥዕልም አንድ ቃል ነው፤ «ቅጂ» የምትለዋም ቃል የተቀዳችው ከዚያው ነው። ከውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛና ከገጣሚ ይህን መጠበቅ ትልቅ ነገር አይደለም። ምንጩ ሁለቱንም ነኝ ይላል፤ ሁለቱንም አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ስንኝ ይንጎራጎር ጀመር፤

ምንጭ ነኝ እኮ ይላል በሰው ውሃ ሞልቶ፣
ስሙን ጽፎበታል ከጎረቤት ቀድቶ።

እንግዲህ ወደ ፎቶዋ እንምጣ።

ሰገነት ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ነፋሱ ነጩን አንሶላ ሊነጥቃት ሲል እሷ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ለመጥ ብላለች። ፊቷ አይታይም። ሻሿ ግማሹ ተፈቶ ጀርባዋ ላይ ይርገበገባል። ፀሐይዋ ከአንሶላው ማዶ ናትና የሴትየዋ ክንድ በጨርቁ ውስጥ እንደ ፋኖስ ክር በርቶ ይታያል። አንሶላው ሊያስኮበልላት የመጣ ነው የሚመስለው፤ እሷም ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች በእግሯ ጣቶች ቆማለች። ስንቱ ዘፋኝ ለዚህች ቅጽበት ዕድሜውን ሙሉ አንጎራጉሮ ሳይደርስባት ቀርቷል። አንዲት ልጅ ግን በትክክለኛው ሰዓት ቆማ አገኘቻት፤ ጣቷም አልዘገየም።

ልጅቱ የምንጩ ሚስት ታናሽ እህት ናት። ሰገነቱ የምንጩ መኖሪያ ሕንፃ ሰገነት ነው። ሴትየዋ የገዛ ሚስቱ ናት። አንሶላው ምንጩ የሚተኛበት አንሶላ ነው።

ምንጩ ይህን አያውቅም። ያን ሰገነት ረግጦት አያውቅም። ልብስ ታጥቦ የት እንደሚደርቅ ጠይቆ አያውቅም፤ መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ የሚበቅል ይመስለዋል።

እህትየዋ በአንድ ጉርድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ አይስቁ» ስትል ትውልና፣ ሲመሽ ካሜራዋን ይዛ የሚስቅ ሰው ፍለጋ ትወጣለች። ፎቶዋን በራሷ ገጽ ላይ፣ ጥጉ ላይ ስሟን በደቃቁ ጽፋ አውጥታት ነበር። ከዚያ «የዓለም ውብ ሥዕሎች» የሚል ገጽ ወሰዳት፤ ከዚያ ደግሞ ምንጩ ወሰዳት። የሌባ ሌባ መሆኑ ነው። የሚስቱን እህት ስም በመቀስ ቆርጦ ሲጥል እንኳ አላነበበውም፤ የሚቆርጠውን ስም ማንበብ ልማዱ አይደለም።

ግጥሙን የጻፈው ጋደም ብሎ ነው። በዚያችው አንሶላ ላይ።

አንቺ የማላውቅሽ የነፋሱ ሙሽራ፣
ልቤን ሰቅለሽዋል ከአንሶላሽ ጋራ።

ግጥሙ የራሱ ነው፤ የኔ ነው ብሎ የሚከስሰው ሰው አይመጣም።

ፎቶዋ ገጹን አጥለቀለቀችው። የልብ ምልክት፣ የእንባ ምልክት፣ «ወይ ጉድ» የሚል መዓት። ከዚያ መሀል አንዲት ተከታይ፣ «ፎቶዋንም ያነሳሃት አንተ ነህ?» ብላ ጠየቀች። ምንጩ ረዘም ላለ ጊዜ አሰበ። አዎ ቢል ውሸት ነው። አይደለሁም ቢል ደግሞ ምን ይቀርለታል? ስለዚህ «አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። ምኑ ነው ውሸቱ? የማያመሰግን ሰው ይሻላል? በዚያች በአንዲት ቃል በኩል ግን ውሸቷ እግሯን አስገባች፤ እግሯን ካስገባች በኋላ ደግሞ ወንበር ፈለገች። «የት ነው ያነሳሃት?» ለመስክ ሥራ የወጣሁ ጊዜ፣ ሩቅ አገር። «ሴትየዋስ?» አንዴ ፈገግ ብላ አየችኝ፤ ስሟን አልጠየቅኋትም፤ አንዳንድ ውበት ስም አይጠየቅም። ከግርጌውም «ምንጭ» የምትለዋን ቃል በጸጥታ አጠፋት። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ምንጩ ግን በዚህ ጊዜ መላስ ትቶ ገመጠ።

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ የሚወድ ሰው ነው፤ በተለይ የራሱን። «እንዲህ ያለ ባለሙያ እዚህ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱ ካሜራ ሣጥን ውስጥ ይታፈናል?» ብሎ ካሜራውን ለምንጩ አስረከበው፤ ያቺ ባለ አንሶላ ፎቶም በትልቁ ታትማ በእንግዳ መቀበያው እንድትሰቀል አዘዘ። ምንጩ ካሜራውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማብሪያው የት እንደሆነ አያውቅም። ትልቁ ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ደግሞ ሴትየዋ እንደ ንጣፍ ድንጋይ በአራት ማዕዘን ተሰባብራ መጣች፤ ሦስተኛ እጅ ላይ የደረሰ ሥዕል ሲጎላ ሌላ ምን ይሆናል?

«ምነው ተቆራረጠች?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዘመናዊ አሠራር ነው፣ ጌታዬ» አለ ምንጩ።

ሥራ አስኪያጁም ራሱን ነቀነቀ። ዘመናዊ ነገር አልገባኝም ማለት እሱም አይወድም።

በዚያው ሰሞን እህትየዋ ፎቶዋን ለአንድ የሥዕል አዳራሽ ልካ ነበር። አዳራሹ በየዓመቱ የወጣት ፎቶ አንሺዎችን ሥራ ይሰቅላል። እዚያ የተሰቀለ ሰው ጉርድ ፎቶ ቤት ውስጥ አርጅቶ አይቀርም፤ ስሙ ይታወቃል፣ ይጠራል፣ ይላካል። ተቀበሏት። ለሁለት ሳምንት ያህል ደንበኞቿን «ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ» ስትል ሰነበተች ይባላል። ከዚያ የአዳራሹ አስተባባሪ ደወለችላት።

«ፎቶሽ በሌላ ሰው ስም፣ አንቺ ለኛ ከመላክሽ በፊት ወጥቷል» አለቻት። «ሰውየው የት እንዳነሳው ሁሉ ጽፏል። እኔ ላምንሽ እችላለሁ። ግን ባለፈው ዓመት አንድ ፎቶ ሰቅለን፣ የቅጂ መብት የኔ ነው የሚል ሰው ጠበቃ ይዞ መጣብን። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ነው፤ አንቺ ቀድመሽ አውጥተሽው እንኳ ቢሆን፣ በስሙ ያወጣው ሰው 'የኔ አይደለም' ይበል። ካላለ አውርደን ስምሽን ከተጠረጠሩት ጋር እንጽፋለን።»

«የኔን ፎቶ ሰርቃለች ተብዬ?»

«እንዲያ ነው የሚባለው እንግዲህ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ልጅቱ ገጹን ከፈተች። «የልብ ጠብታ» ይላል። የእህቷን ባል ገጽ ማየት የተወችው ግጥሙ ስላቅለሸለሻት ነበር፤ ብታይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ግጥም ሰው ይጎዳል አይባልም እንጂ፣ ይጎዳል።

ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። ምንጩ ሶፋው ላይ ስልኩን ይዞ ተንጋልሏል፤ ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች። ሚስትየዋ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። አንዴ ያየችውን በሽተኛ ፊት አትረሳም፤ «የባለፈው ጉንፋን ተሻለህ?» እያለች ከካርዱ በፊት ሰውየውን ታወጣለች። እቤቷ እሷን የሚያስታውሳት ግን አልነበረም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት» አለች እህትየዋ ወንበር ጫፍ ላይ እየተቀመጠች።

«ጠይቂ እንጂ።»

«ያቺ አንሶላ የያዘች ሴት ፎቶ። የኔ ናት። ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

ምንጩ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ወዲያው ሳቅ መጣለት። «አንቺ? አንቺ ጉርድ ፎቶ አይደለም እንዴ የምታነሺው?»

«ጉርድም አነሳለሁ።»

«እኔ እኮ ከኢንተርኔት...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ሚስቱ ፊት፣ ሩቅ አገር ሄጄ አነሳኋት ብሎ መጻፉ ትዝ አለው።

«ከየትም ይሁን» አለች ልጅቱ። «አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ። 'ፎቶዋ የኔ አይደለችም' በል። አዳራሹ ሊያወርዳት ነው፤ ሌባ ልባል ነው። ሌላ አልጠይቅህም።»

«ቤተሰብ አይደለን እንዴ? በቤተሰብ መሀል የኔ ያንቺ ይባላል?»

«እንግዲያው የእሷ ናት በል።»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ብዙ ሕዝብ ነው የሚከታተለኝ። ሥራ አስኪያጁ አለ። ነገ ተነስቼ የኔ አይደለችም ብል ምን እባላለሁ?» አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ፣ ስለ አንቺ ስል ምንጭ እጽፋለሁ። 'ምንጭ፦ ከቤተሰብ'። ደስ አለሽ?»

«ጋሼ፣ ስም አለኝ እኮ።»

«ስምማ ማን የሌለው አለ።»

ይህን ጊዜ ሚስቱ፣ ከትራስ ልብሱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ሴትየዋን የት ነው ያገኘሃት?» አለችው።

«የቷን?»

«ባለ አንሶላዋን። አየኋት ብለህ ጽፈሃል አሉ።»

«ለመስክ ሥራ የወጣሁ ጊዜ ነው» አለ ምንጩ። ዓይን አውጣነት አንዴ ከተለማመዱት እንደ ጃኬት ይሞቃል። «ሩቅ ነው፤ አታውቂውም።»

«ምን ትመስላለች?»

«ምን ልበልሽ...» ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ። «እንዲያ ያለች ሴት በየቤቱ አትገኝም።»

«እውነትህን ነው» አለች ሚስቱ፤ ትራስ ልብሱንም አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈችው። ታናሿ አፏን ስትከፍት ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

ደረጃው ላይ ሲወርዱ የተባባሉትን ምንጩ አልሰማም። «እትዬ፣ ለምን አልነገርሽውም?» ብላ ነበር ታናሿ። «ምን ብዬ? እየኝ ብዬ?» አለችና ታላቂቱ፣ ድሮ ልጃገረድ ሳለች እንደምታደርገው፣ መልሱን በዜማ ጨረሰችው፤

ነፋስ የሚያውቀውን የጀርባዬን ውበት፣
አብሮኝ ያደረው ሰው ፈለገው ከሩቅ ቤት።

ታናሿ ልትስቅ ነበር፤ የእህቷን ፊት አይታ ተወችው።

ምንጩ በበኩሉ ያን ቀን ትልቅ ብልሃት የመጣለት መሰለው። ፎቶዋን ከገጹ አጠፋትና ለልጅቱ፣ «አጥፍቻታለሁ፤ እንግዲህ ነገሩ አልቋል፤ ጸልዪልኝ» ብሎ ላከላት። አላለቀም። አስተባባሪዋ ገጹን ቀድማ በፎቶ አስቀርታው ኖሯል። «አሁን ደግሞ ባሰ» አለች ሰኞ ዕለት ስትደውል። «ሰውየው ያጠፋው አንቺ አስፈራርተሽው ነው የሚመስለው። ነገ ፎቶዋ ላይ ካለችው ሴትዮ ጋር ኑና እኔው ራሴ ደውዬ እጠይቀዋለሁ።»

በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ ምንጩ በእንግዳ መቀበያው ቆሞ፣ የተሰባበረችውን ሴት የሚሰቅሉትን ሠራተኞች «ትንሽ ወደ ግራ» እያለ ነበር። መዝገብ ቤቷም የሥራ አስኪያጁን ፊርማ ልትጠብቅ መጥታ ከሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

«ከሥዕል አዳራሹ ነው፣ ጌታዬ» አለች አስተባባሪዋ። «ስለ አንዲት ፎቶ ልጠይቅዎት ነበር። ባለጉዳዮቹም አጠገቤ ስላሉ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጌዋለሁ።»

ባለጉዳይ ማለት የሚስቱ እህት ብቻ መሰለው። የሥዕል አዳራሽ የሚለውን ቃል ሲሰማ ደግሞ ድምፁ በራሱ ጊዜ ወፈረ። «ይጠይቁኝ፣ እመቤቴ። ስለ ጥበብ ከሆነ ጊዜ አለኝ።»

«ፎቶዋ የተነሳችው የት ነው?»

«ሩቅ ነው። ለመስክ ሥራ ወጥቼ።»

«ሴትየዋን ያውቋታል?»

«ፈጽሞ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። መንገደኛ ነበርኩ፣ እሷም በሰገነቷ ላይ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ አለቀ። የማያውቋትን ሴት ዘላለማዊ ማድረግ፣ ጥበብ ማለት ይኸው ነው።»

መዝገብ ቤቷ ፋይሏን አፏ ላይ አደረገች።

«ገባኝ» አለች አስተባባሪዋ። «እዚህ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ግን ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ሻሹንም አድርገውት መጥተዋል። ሰገነቱ የቤታችን ሰገነት ነው፣ እሱም ባሌ ነው ይላሉ።»

ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ምንጩ አወቃት። ክንዷን፣ ወገቧን፣ ጀርባዋን አይቶ ያላወቃትን ሴት በሳሏ አወቃት፤ እሱን ከቴሌቪዥን ዜና እኩል በየማታው ሲሰማው ኖሯል። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ሠራተኞቹ ሴትየዋን አስተካክለው ሰቅለዋታል፤ በአራት ማዕዘን ተቆራርጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታው። ሻሹ ቀይ ነው። ዛሬ ጠዋት ከበሩ ስትወጣ ቀይ ሻሽ አድርጋ ነበር? አድርጋ ይሆናል።

«ሃሎ፣ ጌታዬ፣ መስመር ላይ ነዎት?»

«አለሁ።»

«እንግዲያው በግልጽ ልጠይቅዎት። የእርስዎ ናት?»

ምንጩ አሰበ። የኔ ናት ቢል፣ የገዛ ሚስቱን አንስቶ አላውቃትም ያለ ሰው ሊሆን ነው። አይደለችም ቢል፣ ግድግዳው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ካሜራው፣ የልብ ምልክቱ ሁሉ ሊፈርስ ነው። ከሁለቱ ውርደት የትኛው እንደሚያንስ መዘነ። ስለ ልጅቱ አላሰበም፤ ይህን በሐቅ እንናገርለት።

«የኔ አይደለችም» አለ።

ዕድሜውን ሙሉ ቅኔ ሲያሳድድ ኖሮ አንድም ቀን አልያዘውም። ያን ቀን ግን ሳያስበው ከአፉ አመለጠው፤ ሰሙ ስለ ፎቶዋ፣ ወርቁ ስለ ሚስቱ። ወርቁን እሱ አላየውም። ከስልኩ ማዶ የነበሩት ሦስት ሴቶች ግን አዩት።

«ሰምተናል» አለች አስተባባሪዋ። «ፎቶዋ ትሰቀላለች። እናመሰግናለን።»

መዝገብ ቤቷ ተነሳችና የተሰቀለውን ፎቶ ጠጋ ብላ አየችው። «ምንጩ» አለች፣ በለሆሳስ፣ ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ አዝናለት፤ «ሥራ አስኪያጁ ይህን ሳያውቅብህ አስወርደው።» ከዚያ በፊት አዝናለት አታውቅም። ከሁሉ የባሰ የጠላው ይህን ሐዘኔታዋን ነበር።

ከሰዓት እቤቱ ሲገባ ሚስቱ ትንሽ ቦርሳ እየሸከፈች ነበር። አልተቆጣችም። «ለመክፈቻው ቀን ከእህቴ ጋር ልብስ እናያለን፤ እስከዚያ እዚያው እሆናለሁ» አለች።

«ጀርባሽ እንዲህ መሆኑን በምን ልወቅ?» አለ ምንጩ። «ከኋላ ሆኜ መቼ አይቼሽ?»

«ከፊትስ?»

«እንዲያው ነገር አታክብጂ። ስንት ሰው ያደነቀሽ እኮ በኔ ገጽ ነው።»

ሚስቱ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች። «ምሳህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። አሙቀህ ብላ» ብላው ወጣች። ምንጩ ሳያሞቀው በላው።

ሆዱ ሲሞላ ጸጸት ቢጤ መጣበት። ጸጸት ሲመጣበት ደግሞ ወደ ገጹ ነው የሚሮጠው። ሚስቱን በሕዝብ ፊት በግጥም ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ስንኙ ወዲያው ተገጣጠመለት፤ «ጥፋቴ» እና «ሕይወቴ» ቤት ይመታሉ። የቀረው ከላይ የሚሆን የእሷ ፎቶ ነው። ስልኩን ከፈተ። የፈነዳ ቧንቧ አለ፣ የውሃ ቆጣሪ አለ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ያነሱት ጎህ መቅደድ እንደ ጉድ አለ። ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደ። ሚስቱ የለችም። አንድ ቦታ ላይ የሰሃን ጠርዝና የአንዲት ሴት ክርን አገኘ። የእሷ ይሁን የሌላ ሰው እርግጠኛ መሆን አልቻለም።

«የተከፋች ሚስት» ብሎ መፈለጊያው ላይ ጻፈ። ብዙ መጡለት፤ ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም መስኮት ሥር የተቀመጡ። አንዷ ላይ ጣቱ ቆመ፤ ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አስተኛው። ግድግዳዎቹ ጸጥ ብለዋል። ይህ ሰው ምንም ቢንቁት ሰው ነውና ትንሽ ፈራ።

ለእህትየዋ ደወለ።

«ጋሼ» አለች።

«ያቺን ፎቶ... ልጠቀምባት ፈልጌ ነበር። ለይቅርታ ነው። ሙሉ ስምሽን እጽፋለሁ። ጥጉንም አልቆርጥም። ትፈቅጂልኛለሽ?»

ይህን ጥያቄ ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ቃሉ እንደ አዲስ ጫማ ቆነጠጠው። ከማዶ የሹክሹክታ ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ አይሆንም ትላለች» አለች ልጅቱ።

«ፎቶው ያንቺ አይደል እንዴ?»

«ፎቶው የኔ ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ግን እሷ ናት። እኔም አይሆንም እላለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ለታይታ ያህል ከቢሮ ይዞት የመጣው የመሥሪያ ቤቱ ካሜራ ተቀምጧል። አየት አደረገው።

«እንግዲያው» አለ፣ ድምፁ ከወትሮው ቀጥኖ፣ «እኔ ራሴ መጥቼ ባነሳትስ? ማብሪያውን ብታሳዪኝ።»

«ቆይ ልጠይቅልህ።»

ስልኩን ሳትዘጋ አንድ ነገር ላይ አኖረችው። ምንጩ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደ ለጠፈ ጠበቀ። በመጀመሪያ የልጅቱ ድምፅ ተሰማ፣ ምን እንዳለች አይለይም። ከዚያ ሁለቱ እህትማማቾች ሳቁ፤ ረጅም ሳቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ አንዷ ስትተው ሌላዋ የምትቀጥለው። ምንጩ ስልኩን ወደ ጆሮው ይበልጥ ተጭኖ የትኛዋ ሚስቱ እንደሆነች ለመለየት ሞከረ። አልቻለም።